ውርጭ ወዳለበት ከተማ ማን ይመጣል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የበረዶ ሆኪ ድራፍት የሚካሄደው ጁን መጨረሻ፣ በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላ ነው። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ግን በድራፍት ጀምረው ብርድ ላይ ያርፋሉ። ምክንያቱ ከመጀመሪያው መልስ ይገባችኋል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ በእኛ ናቸው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረቦቼ «የሆኪ ድራፍት አብረን እንይ» ብለው ጠሩኝ። አንድ ስም ይጠራል፤ ሌላው እስኪጠራ ሁሉም ስለ ብርድ፣ ስለ መንገድና ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። የማየው ምንድን ነው? (ከኤድመንተን)

መልስ፦ ጃምቦ የሚቀዳበት ድራፍት አይደለም፤ ቢራው ከጠረጴዛው ባይጠፋም። የኤን ኤች ኤል (የሰሜን አሜሪካ ዋናው የበረዶ ሆኪ ሊግ) 32 ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። 7 ዙር አለው፣ በጠቅላላው 224 ስም ይጠራል። የመጀመሪያው ዙር ለብቻው አንድ ምሽት ይይዛል፤ ቀሪዎቹ 6 ዙሮች በማግስቱ በጥድፊያ ያልቃሉ። በመጀመሪያው ዙር ክለቡ ለመወሰን ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ልጁ እናቱን ያቅፋል፣ ማሊያ ይለብሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቃለ መጠይቅ ይሰጣል። ወሬ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። የ2025ቱ ኤድመንተን ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲጀምር አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር፤ አገር ቤት ያለ ወንድምዎን አብሮ ይይ ብለው አያስቸግሩት።

ወሬው ወደ ብርድ የሚያዘነብለው ያለ ነገር አይደለም። በድራፍት የተጠራ የ18 ዓመት ልጅ ከተማ አይመርጥም፤ የመረጠው ክለብ መብቱን ይይዛል። ራሱ ከተማ የሚመርጠው ሙሉ ነጻ ተጫዋች ሲሆን፣ ማለትም በተለምዶ 27 ዓመት ሲሞላው ወይም 7 የውድድር ዘመን ሲያገለግል ነው። ያን ጊዜ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ፀሐይ ብቻ ሳይሆን የግዛት የገቢ ግብር የሌለበት ደመወዝም ይዘው ይቀርባሉ። የካናዳዋ ዊኒፔግ በጃንዋሪ የምታቀርበው ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ አካባቢ የሆነ አማካይ ነው። ስለዚህ የብርድ ከተማ ክለብ ዋና ተስፋው ድራፍት ነው። ዊኒፔግ ማርክ ሻይፍሊን በ2011 በ7ኛ ተራ፣ በረኛውን ኮነር ሄለባክን በ2012 በ130ኛ ተራ መረጠች። ሁለቱም በኦክቶበር 2023 ለተጨማሪ 7 ዓመት ፈረሙ፤ ሄለባክ በ2025 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። 130ኛ ማለት አምስተኛው ዙር ነው። የመጀመሪያውን ዙር አይቶ ቴሌቪዥን የሚያጠፋ ሰው ግማሹን ነገር አላየም።

አልሄድም ያለ የለም ወይ? አለ። ኤሪክ ሊንድሮስ በ1991 ኩቤክ በአንደኛነት መረጠችው፣ አልፈርምም ብሎ አንድ ዓመት ጠበቀ፣ በ1992 ለፊላደልፊያ ተሸጠ። እንዲህ ያለ እምቢታ ግን ብርቅ ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻ የወጣው ክለብ አንደኛ ካልመረጠ ድራፍቱ ለማን ይጠቅማል? (ከዊኒፔግ)

መልስ፦ ድራፍቱ ደካማው ክለብ ቀድሞ እንዲመርጥ የታሰበ ቢሆንም፣ መጨረሻ መውጣት የዕጣ ዕድሉን ያሰፋል እንጂ ቦታውን አያረጋግጥም። እንዲህ የሆነው ክለቦች ሆን ብለው እንዳይሸነፉ ነው። ወደ ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር) ያልገቡ 16 ክለቦች ዕጣ ውስጥ ይገባሉ። ከ1 እስከ 14 ቁጥር ያላቸው 14 ኳሶች በማሽን ይታመሱና 4 ይወጣሉ። ቅደም ተከተሉ ካልተቆጠረ 1,001 ጥምረት ይኖራል፤ አንዱ ወደ ጎን ይደረግና 1,000ው ለክለቦቹ ይከፋፈላል። መጨረሻ የወጣው 185ቱን ይወስዳል፣ ማለትም 18.5 በመቶ።

ታዲያ ጋዜጦች ለምን 25.5 በመቶ ይላሉ? ዕጣ የወጣለት ክለብ ከ10 ቦታ በላይ መዝለል ስለማይፈቀድለት ነው። ከታች ሲቆጠር ከ12ኛ እስከ 16ኛ ያሉት ቢወጣላቸውም አንደኛ ላይ አይደርሱም፤ ያኔ አንደኝነቱ እዚያው መጨረሻ በወጣው ክለብ እጅ ይቀራል። የእነዚያ አምስቱ ድርሻ ሲደመር 7 በመቶ ነው፤ 18.5 ሲጨመርበት 25.5። ዕጣው የሚወጣው ለሁለት ቦታ ብቻ ስለሆነ መጨረሻ የወጣው ክለብ ከሦስተኛ በታች አይወርድም። በ2025 ከታች 10ኛ የነበረው የኒው ዮርክ አይላንደርስ በ3.5 በመቶ ዕድል አንደኛ ወጥቶ ተከላካዩን ማቲው ሼፈርን ወሰደ፤ መጨረሻ የነበረው ሳን ሆዜ ሁለተኛ መረጠ። አሁን አንድ ክለብ በ5 ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ ዕጣ ማሸነፍ አይችልም። ኤድመንተን ከ2010 እስከ 2015 አራት ጊዜ አንደኛ መምረጡን ያየ ሰው ደንቡ ለምን እንደመጣ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ውጭው ከዜሮ በታች 25 ሲሆን ጨዋታ ለማየት ምን ይለበሳል? ባለፈው ውስጥ ገብቼ በላብ ተጠመቅሁ። (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ የአዳራሹ አየር ከዜሮ በላይ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የበረዶው ገጽ ደግሞ ከዜሮ በታች 5 አካባቢ። በውጭውና በአዳራሹ አየር መካከል ያለው ልዩነት 40 ዲግሪ ስለሆነ አንድ ወፍራም ካፖርት አያዋጣም። ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ይሁን፤ ሲገቡ ጃኬቱንና ሹራቡን ያወልቃሉ። ጥጥ ላብ ይዞ ይቆይና ሲወጡ ያቀዘቅዛል። ጋቢ ለቤት ሶፋ ወደር የለውም፣ ለመንገድ ግን ጥጥ ነው። ካልሲ መደራረብም ጫማውን ካጠበበ እግርን ያቀዘቅዛል፤ ሙቀት የሚይዘው በመካከል ያለው አየር ነውና።

ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ንፋስ የታከለበትን ቁጥር ይመልከቱ። ከ−28 እስከ −39 ከሆነ የተገለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከ−40 እስከ −47 ከሆነ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ የሚነካው ጆሮ፣ አፍንጫና ጣት ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ከደነዘዘ አይሹት፣ በበረዶም አይንኩት፤ ለብ ባለ ውሃ ያሙቁት። ስሜቱ ካልተመለሰ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ውጭ ሜዳ ላይ የሚደረግ ጨዋታ ከሆነ ሌላ ሂሳብ ነው። በኖቬምበር 2003 ኤድመንተን ላይ ከ57 ሺህ በላይ ሰው በ−18 ዲግሪ ተቀምጦ አይቷል፤ የሞንትሪያሉ በረኛ ዦዜ ቴዎዶር በራስ ቁሩ ላይ የሱፍ ኮፍያ ደርቦ ነበር። በእናንተው ሚኒያፖሊስ የ2022 የአዲስ ዓመት ጨዋታ −21 አካባቢ ሲሆን፣ የሴንት ሉዊስ ተጫዋቾች ቁምጣና ነጠላ ጫማ አድርገው መጥተው አሸንፈው ሄዱ። እነሱን አይምሰሉ።

ጥያቄ፦ ከመኪናዬ አፍንጫ የተንጠለጠለው ስፒና መቼ ነው የሚሰካው? ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼ መብራት ቆጠረብኝ። (ከኤድመንተን)

መልስ፦ ብሎክ ሂተር ይባላል፤ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚያሞቅ ትንሽ ምድጃ ነው። ከ−15 በታች ሲወርድ ይሰኩት፤ ከመነሳትዎ በፊት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይበቃል። 800 ዋት ያለው በ4 ሰዓት 3.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ10 ሰዓት 8 ይበላል፤ ሞተሩ ግን ከዚያ በኋላ ብዙም አይሞቅም። ለውጭ የሚሆን ታይመር ገዝተው ያስገቡበት። ማራዘሚያ ገመዱ ባለ ሦስት እግር፣ ለውጭ የተሠራ፣ 14 ቁጥር ወይም ከዚያ የወፈረ ይሁን (ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል)። ተጠቅልሎ ከተሰካ ይግላል፣ ስለዚህ ይዘርጉት።

ሰክተውት ሞተሩ ከቀዘቀዘ ምድጃው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። በኦም መለኪያ የስፒናውን ሁለት ጠፍጣፋ እግሮች ይለኩ፤ 400 ዋት ያለው 36 ኦም፣ 800 ዋት ያለው 18 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። የመሥሪያ ቤት ፓርኪንግ ከሆነ ግን አይቸኩሉ፤ ብዙዎቹ ኃይል ለመቆጠብ መስመሩን በየተራ ያጠፋሉ፣ ያበራሉ።

ንፋስ ሞተሩን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም፤ ስለዚህ ለመኪና የሚታየው ቴርሞሜትሩ ነው። ያረጀ ባትሪ በ−20 ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ዘይቱም ይወፍራል። ሲያስነሱ መብራቱንና ማራገቢያውን ያጥፉ፣ ከ10 ሰከንድ በላይ አያስጩኹት፣ አንድ ደቂቃ አሳርፈው ይድገሙት። ማርሚታውን በረዶ ደፍኖት ከሆነ ሳይጠርጉ ውስጥ አይቀመጡ፤ ጭሱ ይገድላል። ደግሞም ከመንቀሳቀስዎ በፊት ይንቀሉት። በየዓመቱ ገመድ የሚበጥሰው ይኼው ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ቤት ጨዋታ ሳይ መኪናዬ ተጎተተ። የሚኒያፖሊስ የበረዶ አዋጅ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ምሽት ከ3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በዋና የበረዶ መንገዶች ግራም ቀኝም አይቆምም። በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በሌሎቹ መንገዶች የቤት ቁጥሩ ሙሉ በሆነበት ጎን፣ በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ጎዶሎ በሆነበት ጎን አይቆምም። በረዶ ከጣለ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አዋጅ መታወጁን በከተማው የስልክ መልእክት ያረጋግጡ።