ታላላቆቹ የሚመጡበት ቫዮሊን ቤት፦ ስድስት ወር በነፃ ልሥራ ወይ?

ጠያቂያችን 20 ዓመቱ ነው፤ ሜሪላንድ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቫዮሊን ቤት ውስጥ ደንበኛ ይቀበላል። ለኮንሰርት ዋሽንግተን የሚገቡ ስመ ጥር ተጫዋቾች፣ ከአውሮፓም ሥራቸውን ይዘው የሚመጡ ቫዮሊን ሠሪዎች እዚያ ጎራ ይላሉ። ባለቤቱ «ስድስት ወር ያለ ክፍያ ተለማመድ፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር መዋል ራሱ ትምህርት ነው» ብለውታል። እናቱ ደግሞ የጤና መድን ያስፈልግሃል፣ ነርሲንግ ግባ ይላሉ። «የቫዮሊን ሥራ ትምህርት ቤት ይሻለኛል? ቫዮሊን ብዙም አለመቻሌስ?» ሲልም ይጠይቃል። ልጅ ሳለ ጎንደር ውስጥ ለአያቱ ማሲንቆ ጭራ ይቀይር እንደነበር፣ አሁን ደግሞ በየወሩ አዲስ አበባ ላለው አጎቱ ቤት 300 ዶላር እንደሚልክም ጽፎልናል።

ወንድሜ፣ «መዋል ራሱ ትምህርት ነው» የምትለዋን ነገር አልወደድኳትም። ኮት ተቀብሎ ቡና የሚያቀርብ ልጅ ከታላቅ ተጫዋች የሚማረው ሰውየው ስኳር ስንት እንደሚያደርግ ነው። ተጫዋቹ ቫዮሊኑን ከሳጥኑ አውጥቶ «ቀጭኑ ኢ ክር ይጮህብኛል» ይላል፤ ከዚያ ጠጋኙ ይዞት ወደ ጓዳ ይገባና በሩ ይዘጋል። ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

ጓዳ ብትገባ የምታየውን ልንገርህ። ጥሩ ጠጋኝ መጀመሪያ ሳውንድ ፖስቷን (ሆዱ ውስጥ የምትቆመውን ትንሽ ዘንግ) አይነካም። በጣቱ አንጓ የቫዮሊኑን ዳርቻ ዙሪያውን ያንኳኳል፤ ኮላው የለቀቀበት ቦታ ላይ ድምፁ ይለወጣል። በብርዱ ወራት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው እንጨቱ ይኮማተራል። ከቆዳ የሚሠራው ኮላ ታዲያ ከእንጨቱ ቀድሞ እንዲለቅ ታስቦ ቀጠን ተደርጎ ነው የሚቀባው፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፣ ከፈላ ኃይሉ ያልቃል። በአናጺ ነጭ ኮላ የተጣበቀ መሣሪያ ግን መጋጠሚያው አይለቅም፤ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው። ቀጥሎ ብሪጁን (ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘውን ስስ እንጨት) ያያል። ክሮቹ በተቃኙ ቁጥር ጫፉን ወደ መቃኛው በኩል ይጎትቱታል፤ ካልታረመ ይጎብጣል። ከዚያ የክሮቹን ከፍታ ይለካል፤ ጣት የሚያርፍበት ጥቁር እንጨት መጨረሻ ላይ ኢ 3.5፣ ወፍራሙ ጂ 5.5 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለባቸው። ክሩ አርጅቶም ሊሆን ይችላል። ግማሹ «ድምፁ ጠፋ» የሚባል ቅሬታ እዚህ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ ወደ ፖስቷ ይደርሳል። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች «ነፍስ» የሚሏት እሷን ነው፦ 6 ሚሊሜትር ገደማ የምትወፍር የስፕሩስ (ጥድ መሰል ለስላሳ እንጨት) ዘንግ ናት፤ በኢ ክር በኩል ካለው የብሪጁ እግር ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ትቆማለች። ኮላ የላትም፤ የሚይዛት በሁለቱ እንጨቶች መካከል መወጠሯና የክሮቹ ጫና ነው። ጀማሪ አራቱን ክር በአንዴ ሲፈታ ብሪጁ የሚወድቀው፣ እሷም አንዳንዴ ወድቃ ሆዱ ውስጥ የምትንኳኳው ለዚህ ነው (ክር አንድ በአንድ ይቀየራል፤ ይህን ዛሬውኑ ያዘው)። ሁለቱ ጫፎቿ የላይኛውንና የታችኛውን እንጨት የውስጥ ኩርባ ተከትለው ካልተቆረጡ በጠርዝ ብቻ ትነካለች፣ ለስላሳውንም ስፕሩስ ትወጋዋለች። ረጅም ከሆነች እንጨቱን ወደ ላይ ገፍታ እስከ መሰንጠቅ ታደርሰዋለች፤ ያ ስንጥቅ የቫዮሊኑን ዋጋ ክፉኛ ይጥላል። ጠጋኙ የቫዮሊኑ ፊት ላይ ባለው ቀዳዳ ኤስ የሚመስል ብረት አስገብቶ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ያንቀሳቅሳታል፤ ተጫዋቹ ይሞክራል፤ እንደገና ያንቀሳቅሳታል።

አንተ አጠገቡ ቆመህ ሦስት ነገር ጻፍ፦ ተጫዋቹ ምን አለ፣ ምን ተነካ፣ ምን ተለወጠ። ሃያ እንዲህ ያለ ገጽ ካለህ ጉብኝቱ ላንተ ሆኗል። ቫዮሊን ሠሪ ሲመጣ ደግሞ ለመለካት ፈቃድ ጠይቅ፦ አካሉ 355፣ አንገቱ 130፣ ከአንገቱ ሥር እስከ ብሪጁ 195 ሚሊሜትር። ሁለቱ የመጨረሻ ቁጥሮች 2 ለ 3 ሆነው ካልተገኙ የተጫዋቹ እጅ ወዲያው ያውቀዋል። መሣሪያውን ስታነሳ አንገቱንና ጠርዙን ያዝ፤ የጃኬትህ ዚፕ ቫርኒሹን እንዳይነካው።

ኒውዮርክ የነበረውን የሬምበርት ዉርሊትዘርን ቫዮሊን ቤት ተመልከት። የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች የሚጎርፉበት ነበር፤ ጓዳውን ይመራ የነበረው ጣሊያናዊው ሲሞኔ ሳኮኒ ነው። ከዚያ ቤት በኋላ ስሙ የተጠራው ጠጋኝ ሬኔ ሞሬል በጓዳው ጠረጴዛ ሠርቶ የወጣ ሰው ነው። የደንበኛ ተቀባዩን ስም የሚያስታውስ የለም።

ስለዚህ ባለቤቱን እንዲህ በላቸው፦ የራሴ ጠረጴዛ የት ነው? የሚያስተምረኝስ ማን ነው? የመጀመሪያው ወር ቢላና መሮ መሳል መሆን አለበት፤ በደነዘዘ መሮ ብሪጅ የሚቆርጥ ሰው እንጨት ይፈልጣል እንጂ አይቆርጥም። ከዚያ ክርና መቃኛ፣ ከዚያ በኪራይ ቫዮሊኖች ላይ ብሪጅና ፖስት። የተማሪዎች ኪራይ መሣሪያ ሰኔ ላይ ተጎድቶ ይመለሳል፣ ለመስከረም መድረስ አለበት፤ የሱቁ እንጀራ ያ ነው፣ ያንተም መማሪያ። ብሪጁን እግሩና እንጨቱ መካከል ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ ሠላሳ ጊዜ ሳታስተካክል የአንድ ሶሎይስት (መድረክ ላይ ለብቻው የሚጫወት ባለሙያ) ቫዮሊን እንዲሰጡህ አትጠብቅ።

የቀስት ጭራ መቀየርንም ጠይቃቸው። የማሲንቆው ልምድ ጭራ መለየት አስተምሮሃል፤ ይኸኛው ግን 150 ያህል ጭራ እንደ ሪባን ተዘርግቶ በትንንሽ የእንጨት ሽብልቅ የሚያዝ ነው። ሽብልቁ ከልክ በላይ ከጠበቀ የቀስቱን ጫፍ ይሰነጥቃል፤ ጭራው ካጠረ በደረቅ ቀን ዘንጉን ያጎብጠዋል፤ ከረዘመ ደግሞ ብሎኑ ዞሮ ያልቃል፣ ጭራው ግን አይወጠርም።

ክፍያውን በተመለከተ አልለሳለስም። ሱቁ ደንበኛ የሚያስከፍልበትን ክር የምትቀይር ከሆነ ሥራ ነው፣ ሥራ ይከፈላል። በሜሪላንድ ከ2024 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው፤ በአንዳንድ ወረዳዎች ከዚያም ይበልጣል። የምትማርበትን ሰዓት ከምትሠራበት ለይተው ቢያቀርቡልህ ያ ሌላ ነገር ነው፤ በጽሑፍ ይሁን።

እናትህ ስለ ጤና መድን የሚሉት ትክክል ነው፤ ግን እሳቸው በሥራ ቦታቸው መድን ካላቸው እስከ 26 ዓመትህ በእሱ መቆየት ትችላለህ። ከዚያ ባለፈ ያላየኸውን የነርስ ሥራ እሳቸው ደስ እንዲላቸው መግባት ለበሽተኛውም አይበጅም። አዲስ አበባ ለአጎትህ ቤት በየወሩ የምትልከውን 300 ዶላር ግን ግማሽ አድርገው፤ «አሁን አልችልም» ማለት ነውር አይደለም፣ ለአንድ ዓመት የሚሆን የሥራ መሣሪያ (ቢላ፣ መሮ) ወጪ ከዚያ ይወጣል።

ቦስተን፣ ቺካጎ ወይም ሶልት ሌክ ያሉትን የቫዮሊን ሥራ ትምህርት ቤቶች ከዓመት የጠረጴዛ ሥራ በኋላ አመልክት፤ የእጅህን ሥራ ልታሳያቸው ትችላለህ። ለመጫወት ደግሞ በአራቱም ክር ስኬሉን (የድምፅ መሰላሉን) ሳታዛንፍ ከወጣህ፣ ጆሮህም ከሰማ ይበቃል።

ባለቤቱ «ጠረጴዛውን በኋላ እናስብበታለን» ካሉህ ቅዳሜህን ይዘህ ቆይ፤ ለስድስት ወሩ ግን እሺ አትበል።