የማይሸጥ ወንዝ ዋጋው እንዴት ይታወቃል?

«ወንዝ ገበያ አይወጣም፤ ታዲያ ሕዝብ ለጥበቃው የሚሰጠው ዋጋ በገንዘብ እንዴት ይለካል?» ብለሃል።

ሰውን በመጠየቅ ነው። «ወንዙ እንዲጠበቅ በዓመት ይህን ያህል ግብር ቢጨመር ትደግፋለህ?» ይባላል። የሚጠየቀው መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ዋጋው ሲንር «አዎ» ባዩ ምን ያህል እንደሚቀንስ ይታያል። ወንዙን አይተው የማያውቁ ሰዎች ጭምር እንከፍላለን ይላሉ። ለልጆቻችን ይቆይ ከሚል ነው።

መቼም በወሬ ሁሉም ቸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ኬኔት አሮውና ሮበርት ሶሎው የመሩት የአሜሪካ የባለሙያዎች ቡድን «ስንት ትከፍላለህ?» ከማለት እንደ ድምፅ መስጫ «አዎ ወይስ አይ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል ያለው አለምክንያት አይደለም። ለሌላ ወጪ የሚተርፈው ገንዘብ እንደሚቀንስም መላሹን አስታውሱት ብሏል።

አስቸጋሪው ባህላዊው ጥቅም ነው። ወንዙን እንደ ቅዱስ የሚያይ ሰው «ዜሮ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ንቆት አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ነውር ሆኖበት ነው። «ያቆሸሸው ይክፈል» ባዩም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ዜሮ ከእውነተኛው ያልለየ ጥናት ብዙም አላምነውም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 የዋንጋኑይን ወንዝ በሕግ ሰውነት ያገኘ አካል ስታደርገው የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ከወንዙ ጋር ያላቸውን ትስስር በገንዘብ መተመን አላስፈለጋትም።