አኒሊን ውሃ ውስጥ እምቢ ይላል፤ ዲያዞኒየሙ ለምን ይሟሟል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። አኒሊን ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ ከሱ የሚሠራው ቤንዚን ዲያዞኒየም ክሎራይድ ግን በደንብ ይሟሟል ተባልን። ይባስ ብሎ መጽሐፉ «ፍሎሮቦሬቱ አይሟሟም» ይላል። ምክንያት አለው ወይስ ዝም ብዬ ልሸምድደው?
(ግራ የገባት ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አትሸምድጂው። ምክንያቱ አንዴ ከገባሽ አይጠፋብሽም።

አኒሊን ቻርጅ የለውም። አሚኑ (ናይትሮጅን ያለበት ጫፉ) ከውሃ ጋር ትንሽ ይግባባል፣ የካርቦን ቀለበቱ ግን አይግባባም፤ ስለዚህ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚይዘው 3.6 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስትጨምሪበት ግን ያ ዘይት የመሰለው ነገር ዓይንሽ እያየ ይጠፋል፤ ጨው ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ዕቃውን በረዶ ውስጥ አድርገሽ፣ ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይዘሽ፣ ውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም ናይትራይት ቀስ እያልሽ ስትጨምሪ ዲያዞኒየሙ፣ ማለትም ቀለበቱ ላይ ሁለት ናይትሮጅኖች የተያያዙበት ክፍል፣ ይፈጠራል። እሱም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ውሃው በኦክስጅኑ በኩል ይከበዋል፣ ክሎራይዱን ደግሞ በሃይድሮጅኑ በኩል፤ በቃ ይሟሟል።

ፍሎሮቦሬቱ (በክሎራይዱ ፈንታ ቦሮንና አራት ፍሎሪን ያሉበት ጨው) ላይ ብዙ ሰው ጥፋቱን በአናዮኑ፣ ማለትም ኔጋቲቭ ቻርጅ ባለው ክፍል ላይ ብቻ ያሳብባል። ልክ አይደለም። ሶዲየም ፍሎሮቦሬት እኮ ውሃ ውስጥ በጣም ይሟሟል! ነገሩ ያለው ጥንዱ ላይ ነው። ሶዲየም ትንሽ ስለሆነ ውሃ አጥብቆ ይይዘዋል፣ በዚያም የሚወጣው ኃይል ክሪስታሉን ለመበተን ይበቃል። ዲያዞኒየሙ ግን ትልቅ ነው፤ ፍሎሮቦሬቱም ትልቅ ነው፣ አንዷ ኔጋቲቭ ቻርጅ አራት ፍሎሪኖች ላይ ተበትናለች። ውሃ ሁለቱንም ላላ አድርጎ ነው የሚይዛቸው፤ ስለዚህ አብረው መዝቀጥ ይቀላቸዋል። «አይሟሟም» ሲባልም ጨርሶ ማለት አይደለም፤ ዝቃጩን ስታጥቢ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ያውም በትንሹ ተጠቀሚ።

ይህ ባሕርይ ትልቅ ጥቅም አለው። ክሎራይዱን አድርቆ ማስቀመጥ አይሞከርም፣ ይፈነዳል። ፍሎሮቦሬቱን ግን አጥልለሽ በጥንቃቄ ልታደርቂው ትችያለሽ። በ1927 ባልዝና ሺማን ያስተዋወቁት ዘዴ ይህንኑ ጨው አሙቆ ፍሎሮቤንዚን ያወጣል።

አንድ ነገር ግን እንዳታምታቺ፦ መሟሟት ሌላ፣ መቆየት ሌላ። ክሎራይዱ ውሃ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሟሟል፣ ከሞቀ ግን ናይትሮጅኑ አረፋ ሆኖ ይወጣና ፌኖል ይቀራል። በረዶው ለዚህ ነው።

ላብ ስትገቢ 2-ናፍቶል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አሟሚና ቀዝቃዛውን ዲያዞኒየም ጨምሪበት። ወዲያው ብርቱካናማ ቀይ ዝቃጭ፣ ማለትም ማቅለሚያ፣ ታያለሽ። ሁለቱም ሟምተው ነበር፤ ሲጣመሩ ቻርጁ ጠፋ፣ ውሃውም ለቀቃቸው። ቀለም ሠሪዎች ቀለሙ ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ ሲፈልጉ በአኒሊን ፈንታ ከሰልፋኒሊክ አሲድ ይጀምራሉ፤ ሰልፎኔቱ (ሰልፈር ያለበት የአሲዱ ክፍል) ቻርጁን እንደያዘ ይቀራልና።