ጉልላት ሳያዩ መስጊድ ማግኘት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር አዲስ ዓለም ነው። የመጨረሻ ልጄ ለትምህርት ወደ ለንደን ሊሄድ ተሰናድቷል። ልጁ አዛን እየሰማ ያደገ ነውና እዚያ መስጊድ እንደ ልብ ይገኝ እንደ ሆነ ልጠይቃችሁ። ከዚያ የመጡ ሰዎች «የምንሰግደው ሱቅ በመሰለ ቤት ነው» ሲሉ ሰምቼ ግራ ገብቶኛል። የሶላቱ ሰዓትስ፣ ሲሰግድ ፊቱን የሚያዞርበት ቂብላውስ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ እናታችን፣ መስጊድ አለ፤ ለንደን ውስጥ ደግሞ በብዛት አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶችም የአውሮፓ ናቸው) በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 3.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሙስሊሞች ሲመዘገቡ፣ ከእነዚህ ውስጥ 1.3 ሚሊዮን ያህሉ የለንደን ነዋሪዎች ነበሩ። የሰሙት ነገርም እውነት ነው። መስጊድነታቸው ከውጭ የማይታወቅ፣ በተርታ የመኖሪያ ቤቶች፣ በቀድሞ ሱቆችና መጋዘኖች ውስጥ ያሉ ብዙ መስጊዶች አሉ።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። የአዲስ ዓለም ሰፈር አመሠራረት በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ከተላለፈው አዋጅ ጋር የተያያዘ መሆኑን እርስዎ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በብሪታንያ ግን ሰፈሩን የወሰነው አዋጅ ሳይሆን ሥራና የቤት ኪራይ ነው። ከየመኗ ኤደንና ከሶማሌ ጠረፍ በእንፋሎት መርከብ ተቀጥረው የሄዱ ባሕረኞች እንደ ካርዲፍ ባሉ ወደቦች አጠገብ ሰፈሩ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት ፓኪስታናውያንና ቤንጋሊዎች ደግሞ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ቤት ተከራዩ። ጀመዓው፣ ማለትም አብሮ የሚሰግደው ሕዝብ፣ መጀመሪያ በአንድ ሰው ሳሎን ተሰብስቦ ይሰግዳል፣ ቀጥሎ ገንዘብ አዋጥቶ ቤቱን ይገዛል፣ ከዓመታት በኋላ ሲደላው ትልቅ ሕንፃ ይሠራል። የምሥራቅ ለንደን መስጊድ በ1941 በሦስት ቤቶች ውስጥ ተከፍቶ፣ ዛሬ ያለበት ሕንፃ የተጠናቀቀው በ1985 ነው።

ጉልላት ያለው ማየት ከፈለገ ልጅዎ የሬጀንትስ ፓርኩን ማዕከላዊ መስጊድ ያገኛል። የቸርችል መንግሥት በ1940 ለቦታው መግዣ 100,000 ፓውንድ ቢፈቅድም፣ መስጊዱ ተሠርቶ ያለቀው በ1977 ነው። እኛ ግን ቢቻል ዎኪንግ ድረስ እንዲሄድ እንመክራለን። ከለንደን በባቡር ብዙም በማይርቀው በዚህ ከተማ የሚገኘው የሻህ ጀሃን መስጊድ በ1889 የተሠራ ሲሆን፣ በብሪታንያ ምድር ለመስጊድነት ታስቦ ከመሠረቱ የታነጸ የመጀመሪያው ነው፤ ስያሜውንም ያገኘው ለግንባታው ገንዘብ ከሰጡት ሴት፣ የሕንዷን ቦፓል ይገዙ ከነበሩት ሻህ ጀሃን ቤጉም ነው።

አዛኑን በተመለከተ፣ በአብዛኛው የሚሰማው በመስጊዱ ውስጥ ብቻ ነው። እንደ ምሥራቅ ለንደን መስጊድ በድምፅ ማጉያ ወደ ውጭ የሚያሰሙት ጥቂት ናቸው። ቂብላውም ይለወጣል፤ ጎንደር ላይ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ የሚሰግድ ሰው ለንደን ላይ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዞራል።

ይበልጥ የሚከብደው ሰዓቱ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው የመግሪብ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። ለንደን ውስጥ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ በመሆኑ የቀትሩ ዙሁር፣ የከሰዓቱ ዐስርና መግሪብ በአራት ሰዓት ውስጥ ይደራረባሉ፤ በሰኔ ደግሞ መግሪብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ይሆንና ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ፈጽሞ ስለማይጨልም የምሽቱ የዒሻና የንጋቱ የሱብሂ ሶላት ወሰን ያከራክራል። መስጊዶች ይህን በተለያየ ስሌት ስለሚፈቱት የሁለት ጎረቤት መስጊዶች የሰዓት ሰሌዳ ላይገጥም ይችላል። ልጅዎ አንዱን መርጦ በእርሱ ቢጸና ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ፒያሳ የምጽፍላችሁ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ነኝ። ለንደን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ መስጊድ ሆኗል ሲባል ሰማሁ። በኃይል ተወስዶ ይሆን?

መልስ፦ የሰሙት ብሪክ ሌን በሚባለው ጎዳና ላይ ስላለው ሕንፃ ይመስለናል። ማንም በኃይል አልወሰደውም። በ1743 የሠሩት፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከአገራቸው የተሰደዱ ፈረንሳውያን ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ልጆቻቸው ከእንግሊዙ ሕዝብ ጋር ተዋሕደው ሰፈሩን ሲለቁ፣ ቆይቶ በ1819 ሜቶዲስት የተባሉት ፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት ሆነ። በ1898 ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ ምኩራብ አደረጉት፤ እነርሱም ኑሯቸው ሲሻሻል ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ፤ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ በአካባቢው የሰፈሩት ቤንጋሊዎች ይሰግዱበታል። ያ ሕንፃ በየዘመኑ ያስተናገደው ለአገሩ እንግዳ የሆነውን ሰው ነው ብንል የተጋነነ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች በግድግዳው ላይ የተከሉት፣ 1743 የሚል ዓመትና «እኛ ጥላ ነን» የሚል የላቲን ጽሑፍ ያለበት የፀሐይ ሰዓት እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ጥያቄ፦ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ። እንግሊዝ ያለው ወንድሜ እዚያው መስጊድ ኒካህ (የእስልምና ጋብቻ) ሊያስር ነው። ጋብቻው በመንግሥት ዘንድ ይጸናል?

መልስ፦ ኒካህ ብቻውን አይበቃም። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ጋብቻው የሚጸናው መስጊዱ ለጋብቻ መፈጸሚያነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ጋብቻውን የሚመዘግብ ሥልጣን ያለው ሰው ሲገኝና ተጋቢዎቹ ቢያንስ ከ28 ቀን በፊት ለመዝገብ ጽሕፈት ቤት ሲያሳውቁ ነው። ያልተመዘገቡ መስጊዶች ብዙ ስለሆኑ፣ በእነዚህ ኒካህ የሚያስሩ ሰዎች በመዝገብ ጽሕፈት ቤት ለብቻው ይፈራረማሉ። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ፣ ሚስት በሕግ ዘንድ እንደ ሚስት ሳትቆጠር የቀረችባቸው ጉዳዮች ፍርድ ቤት ደርሰዋል። ስለዚህ ወንድምዎ ቀን ከመቁረጡ በፊት የመስጊዱን አስተዳደር ስለ ምዝገባው ይጠይቅ፤ የሙሽራዪቱ ቤተሰቦችም ይህንኑ ቢጠይቁ ነውር የለበትም።