ፓስወርድ የጠየቀው ፋይል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከደቅ ደሴትና ከዘጌ የሚመጣውን የዓሣ ምዝገባ ኮምፒውተር ላይ የማስገባው እኔ ነኝ። ልጆቹ የመዝገቡን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩልኛል። ቀረሶ ስንት ኪሎ፣ አምባዛ ስንት ኪሎ እያልኩ ከስልኬ ላይ እያየሁ ስጽፍ ዓይኔ አለቀ። ቴሌግራምን ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ልጫን ብል የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቀኛል። አይቲያችን ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ስልክ አያነሣም። የቴሌግራም መጫኛ ፋይሉን በፍላሽ የሰጠኝ ባልደረባዬ «ፓስወርዱን የሚሰብርልሽ ልጅ አውቃለሁ» ይለኛል። ላሰብረው?
(ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ አታሰብሪው። ኮምፒውተሩ የቢሮው ነው። ልጁ በዚያች ሰዓት ውስጥ ምን እንደነካ፣ ምን ትቶ እንደሄደ አታውቂም። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

እኔን ግን የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፋይሉ ፓስወርድ ጠየቀኝ ብለሻል። ትክክለኛው የዊንዶውስ ቴሌግራም እኮ የአድሚን ፓስወርድ አይጠይቅም! ዊንዶውስን እንደ ኪራይ ቤት አስቢው። በክፍልሽ ውስጥ አልጋሽን ለማዞር አከራዩን አታስፈቅጂም። ግድግዳ ለማፍረስ ግን ታስፈቅጃለሽ። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጫኑት «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚባለው የጋራ ቦታ ላይ ስለሆነ አድሚን ይፈልጋሉ። ቴሌግራም ግን አንቺ በገባሽበት ስም ሥር፣ «አፕዳታ» የሚባል የራስሽ ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በቀኝ ክሊክ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብለሽ ካልከፈትሽው በቀር ፓስወርድ የሚያስጠይቀው ነገር የለም። ስለዚህ ያንን የፍላሽ ፋይል እጠረጥረዋለሁ። ድጋሚ አትክፈቺው።

ለአንቺ ሥራ መጫንም አያስፈልግም። ክሮም ላይ «ዌብ ነጥብ ቴሌግራም ነጥብ ኦርግ» ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ። አራት ማዕዘን ኮድ ይመጣል። ስልክሽ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስስ ግቢና ኮዱን በካሜራው አንሺው። አለቀ። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አልተጫነም፣ ፎቶዎቹ ግን በትልቁ ስክሪን ፊትሽ ናቸው። ልጆቹንም አንድ ነገር ንገሪያቸው፦ ገጹን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ይደበዝዛል። 3 ይሁን 8 መለየት አቅቶሽ ከሆነ ምናልባት ለዚህ ነው።

ድረ ገጹን ቢሮው ዘግቶት ከሆነ ግን አትታገዪ። ለአለቃሽ ሁለት መስመር ጻፊ፦ ለምን ሥራ እንደሆነ፣ በቀን ስንት ገጽ እንደምታስገቢ። አለቃሽ ቢደውል አይቲው ያነሣ ይሆናል።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራሜን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። አንድ ማታ ዲቫይስስ የሚለውን ስከፍት የድሮው ኮምፒውተር አሁንም ገብቶ ነበር፤ የዚያን ቀን እንኳ ተከፍቷል። ሁለት ወር ሙሉ! በእነዚያ ሁለት ወራት ከእህቴ ጋር የምንጻጻፈው ስለ እናታችን ሕመም ነበር። ማን እንዳነበበው አላውቅም። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይረብሸዋል።

ስለዚህ ማታ ማታ ከቢሮ ከመውጣትሽ በፊት ሎግ አውት በይ። መልእክቶችሽ ቴሌግራም ጋ ተቀምጠው ስለሚቆዩ አይጠፉም፤ ጠዋት ተመልሰሽ ስትገቢ ታገኛቸዋለሽ። ሳይጫን ከፍላሽ የሚሠራ ቴሌግራምም አለ፣ እሱን ግን አልመክርሽም። «ቲዳታ» የሚል ፎልደር አለው፤ የገባሽበት ፈቃድ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ፍላሹ ከእጅሽ ከወጣ ያንን ፎልደር የገለበጠ ሰው ኮድ ሳይጠየቅ ሊገባብሽ ይችላል።

ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጊልኝ። ዲቫይስስ ውስጥ የማታውቂው መሣሪያ ካለ አስወጪው። ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን፣ ከኮዱ በተጨማሪ ፓስወርድ የሚጠይቀውን፣ ክፈቺና የራስሽን ፓስወርድ አስገቢ። ፍላሹን ስትመልሺ ደግሞ ስለ ፋይሉ ለባልደረባሽ ንገሪው። እሱ እኮ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ጭኖት ይሆናል።