ለ105 ዋት ፕሮሰሰር የሚሆን አነስተኛ የውሃ ማቀዝቀዣ

ለኮምፒውተርዎ ራይዘን 7 5800ኤክስ ፕሮሰሰር (ዋናው የስሌት ቺፕ) ባለ 120 ሚሊሜትር የውሃ ማቀዝቀዣ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ ኬዝዎ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) የሚፈቅድ ከሆነ ሁለት ፋን ያለውን ባለ 240 ሚሊሜትሩን እንዲወስዱ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ፕሮሰሰሩ 105 ዋት ተብሎ ቢመዘገብም በሙሉ ጫና ሲሠራ እስከ 142 ዋት ስለሚስብ፣ የባለ 120ው ባለ አንድ ፋን ራዲያተር (ውሃው የሚቀዘቅዝበት ክፍል) ያንን ሙቀት የሚያስወጣው ፋኑ ያለማቋረጥ እየጮኸ ነው። እኔ የምኖርበት ለገጣፎም ሆነ መላው የአዲስ አበባ ዙሪያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ፋኑ በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያነሣው ሙቀት ከቆላው ያነሰ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ማስመሪያ ይዘው ራዲያተሩ ከኬዙ ጣሪያ ሥር የሚገጠም ከሆነ ከጣሪያው እስከ ራሙ (የማስታወሻ ካርዱ) ጫፍ ያለውን ክፍተት ይለኩ። አብዛኛውን ጊዜ ራዲያተሩ 27፣ ፋኑ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ስላላቸው በድምሩ 52 ሚሊሜትር ይይዛሉ። ሲገጥሙትም ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ከራዲያተሩ ጫፍ በላይ እንዳይውል ይጠንቀቁ፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ጥቂት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ያንኳኳል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል።

አቧራውን አይናቁት። የእኔን ከሦስት ወር በኋላ ስከፍተው፣ ከኮረኮንቹ መንገድ የተነሣው ቀይ አቧራ በራዲያተሩ ስስ ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አገኘሁት፤ ፋኑን በጣቴ ይዤ በደረቅ የቀለም ብሩሽ አጸዳሁት።

ያገለገለ ግን፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ፣ አይግዙ፤ ፈሳሹ በዓመታት ውስጥ በቱቦው በኩል ቀስ በቀስ ስለሚተን፣ አብዛኞቹም እንደገና ስለማይሞሉ፣ ምን ያህል እንደቀረው ከውጭ አይታይም።