«ዜጋ» ነው ወይስ «ተገዥ»? ከአንዲት ተርጓሚ የመጣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስለ ግብጽ የድሮ ፍርድ ቤቶች አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በግብጻውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሳውን ሙግት ያዩ የነበሩትን «ድብልቅ ፍርድ ቤቶች» አልኳቸው። አርታኢዬ «ቅይጥ» በያቸው አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ልዩ ፍርድ ቤት የሚል የራሳችን ቃል አለን እኮ» ትለኛለች። በዚያ ላይ ካይሮ ውስጥ ይነግድ ስለነበር አንድ አልጄሪያዊ ሙስሊም ይተረካል። «የፈረንሳይ ዜጋ» ብዬ ጻፍኩት፣ እሱንም አርታኢዬ ሰረዘው። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አርታኢሽን ስሚው። በሁለቱም ልክ ነው። ግን ምክንያቱን ሳታውቂ ብትቀበዪው ነገ ሌላ ገጽ ላይ መልሰሽ ትቸገሪያለሽ፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ።

«ድብልቅ» ስህተት አይደለም። ጆሮ ላይ ግን ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ነገር ሲበላሽ «ድብልቅልቁ ወጣ» እንላለን። ሰው ግራ ሲገባው «ተደበላለቀብኝ» ይላል። «ቅይጥ» ረጋ ያለ ቃል ነው። ጤፍ ሲወደድ ከማሽላ ቀይጠው የጋገሩትን እንጀራ አስቢ፤ ሁለት ዓይነት እህል እንደገባበት ሁሉም ያውቃል፣ የተምታታ ነገር ግን የለም። «ቀየጠ» የሚለው ግስ በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ለሚጨምር ሰውም እንደሚውል አልዘነጋሁም፤ ስሙ ግን «ቅይጥ ኢኮኖሚ»፣ «ቅይጥ ግብርና» እየተባለ በመደበኛው አማርኛ ቦታውን ይዟል። የግብጾቹ ፍርድ ቤቶች በዓረብኛም በፈረንሳይኛም ስማቸው ይኸው ነበር፣ ቅይጥ። ቅይጥ የነበሩት ደግሞ ዳኞቹም ናቸው። ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1876 ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ችሎቶቹ በእስክንድርያ፣ በካይሮና በመንሱራ፣ ይግባኝ ሰሚው እስክንድርያ። በመነሻው ደንብ አንድ ችሎት ላይ አምስት ዳኞች ሲሰየሙ ሦስቱ የውጭ አገር ሰዎች፣ ሁለቱ ግብጻውያን ነበሩ። በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ቆሞ ቀና ሲል ከፊቱ ከተቀመጡት አብዛኞቹ ባዕዳን የሆኑበትን ገበሬ አስቢው። ሕጉ ከፈረንሳይ ሕግ የተቀዳ ነው፤ ሙግቱም በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ይካሄድ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ አድርጊ። «በግብጻውያንና በውጭ ሰዎች መካከል» ብቻ ብለሽ አትዝጊው። የሁለት የተለያዩ አገሮች የውጭ ሰዎችም፣ ለምሳሌ ግሪካዊና ጣሊያናዊ፣ በንግድና በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚካሰሱት እዚያው ነበር። ከሳሹም ተከሳሹም የግብጽ ሆነው እንኳ በጉዳዩ ውስጥ የውጭ ሰው ጥቅም ካለበት መዝገቡ ወደ ቅይጡ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የወንጀል ጉዳይ ግን በአብዛኛው በየቆንስሉ ችሎት ነው የሚታየው።

«ልዩ ፍርድ ቤት»ን ለግብጽ አትስጪው። ቃሉ ባለቤት አለው። አዲስ አበባ ላይ በዚሁ ስም የሚጠራ ፍርድ ቤት ነበረን፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በአንድ ወቅት መርተውታል። ሥሩ በጥር 1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋር የተዋዋሉት ውል ነው። በዚያ ውል ፈረንሳዮች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ የሚዳኛቸው የራሳቸው ቆንስል ነው። ኢትዮጵያዊና ፈረንሳዊ ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊ ዳኛና ቆንስሉ አብረው ይቀመጣሉ፤ የሚፈረደውም በተከሳሹ አገር ሕግ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነው። ሌሎቹ መንግሥታትም «ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባናል» እያሉ በዚያው በር ገቡ። ኢትዮጵያ ቅኝ ያልተገዛች ሆና ሳለ እንዲህ ያለ ውል ውስጥ መኖሯን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ስለዚህ «ልዩ ፍርድ ቤት» የሚለውን ስም ለራሱ ታሪክ እናቆየው። ካይሮ ላይ ከለጠፍነው አንባቢው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ «ዜጋ»።

ዛሬ «ዜጋ» ስንል መብት ያለው ሰው ማለታችን ነው። «እኔ እኮ የዚህ አገር ዜጋ ነኝ!» የሚል ሰው እየጠየቀ ያለው መብቱን ነው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደርና የጎጃም የመሬት ሰነዶች ላይ «ዜጋ» የራሱ ርስት የሌለው፣ በሌላ ሰው መሬት ላይ በጌታ ሥር የሚኖር ሰው ነው። ቃሉ ከታች ተነስቶ ላይ ወጥቷል። እኔ እንዲህ ያለ ጉዞ የሄዱ ቃላትን በጣም ነው የምወዳቸው። ግን አንባቢሽ የሚያውቀው የዛሬውን ትርጉም ብቻ ነው፤ «የፈረንሳይ ዜጋ» ብለሽ ስትጽፊ ያ አልጄሪያዊ ከፓሪሱ ነጋዴ ጋር እኩል መብት እንደነበረው አድርጎ ይረዳል።

አልነበረውም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1865 ባወጣችው ሕግ የአልጄሪያ ሙስሊም ፈረንሳዊ ይባላል እንጂ ዜጋ አይባልም። ዜጋ ለመሆን በጋብቻና በውርስ የሚተዳደርበትን የእስልምና ሕግ ትቶ ማመልከት ነበረበት፤ ያመለከቱት በጣም ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1870 የአልጄሪያ አይሁዶች በአንድ አዋጅ ዜጎች ሲደረጉ ሙስሊሞቹ እዚያው ቀሩ። ቅኝ ተገዥዎች ሁሉ ዜጎች ናቸው የሚል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ጣሊያንም በኤርትራ እንዲሁ ለይታ ነበር የምትጽፈው፤ «ቺታዲኖ» ዜጋው፣ «ሱዲቶ» ተገዥው። ሁለት ቃል የነበራቸውን ነገር እኛ በአንድ ቃል ብንመልሰው ልዩነቱ ወረቀታችን ላይ ይጠፋል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመውን ነገር አንቺ በአንድ ቃል ታወርጂለታለሽ። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

ስለዚህ አልጀርስ ላይ ያለው ሰው «የፈረንሳይ ተገዥ» ነው።

የአንቺ ሰውዬ ግን ካይሮ ነው ያለው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በአገሩ ተገዥ የነበረው ሰው ግብጽ ሲገባ ከለላ ያለው የውጭ አገር ሰው ይሆናል፤ የፈረንሳይ ቆንስላ ዘንድ ተመዝግቧልና። ሃይማኖቱ የጎረቤቱ ሃይማኖት ነው፣ ቋንቋውም ዓረብኛ ነው፣ መስጊዱም አንድ ነው። ጎረቤቱ ዕዳ አልከፍል ብሎት ሲካሰሱ ግን ጉዳዩ ወደ አገሬው ፍርድ ቤት አይሄድም፣ ወደ ቅይጡ እንጂ። ለዚህ ነው «ፈረንጅ» የሚለውንም ቃል እንዳትጠቀሚበት የምለምንሽ። በካይሮ ችሎት «የውጭ አገር ሰው» መባል የመልክ ጉዳይ አልነበረም፣ የወረቀት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባም እንዲሁ ነበር። ከኤደን የመጣው ዓረብና ከሕንድ የመጣው ነጋዴ የእንግሊዝን ከለላ ይዘው ይካሰሱ ነበር፤ ማንም ፈረንጅ አይላቸውም።

«ከለላ» ያልኩትን ልብ በዪ። አንዳንዱ «የፈረንሳይ ጥገኛ» ብሎ ይጽፈዋል። አልወደውም፤ «ጥገኛ» ዛሬ በሰው ጫንቃ ላይ የሚኖር የሚል ስሜት አለው፣ ይህ ሰው ደግሞ ሠርቶ የሚያድር ነጋዴ ነው። «የፈረንሳይ ከለላ ያለው» በቂ ነው።

የእኛ አገር ሙግት ምን ይመስል እንደነበር ከአያቶችሽ ሳትሰሚ አልቀረሽም። ሁለት ሰዎች ከተጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ይላል፣ ሌላው ይቆማል። ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ያገኙትን ጨዋ ሰው እንኳ «ዳኘን» ይሉታል። ያ ዳኛ የሚጠይቀው «ምን አደረገህ?» ብሎ ነው። በቅይጡም በልዩውም ፍርድ ቤት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ነህ?» ነበር። የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የወጣው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው፤ ከክሎቡኮውስኪ ውል 22 ዓመት ዘግይቶ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አንድ ሰው ችሎት ቀርቦ «እኔ የእንግሊዝ ነኝ» ቢል፣ ኢትዮጵያዊው ዳኛ «የለም፣ የእኛ ነህ» ብሎ የሚጠቅሰው የተጻፈ ሕግ አልነበረውም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ፍርዱን ከመስማቱ በፊት ዳኛው ማን እንደሆነ መከራከር ነበረበት።

አንድ ሌላም ቃል ሳይመጣብሽ አይቀርም፣ «ካፒቱላሲዮን»። ለውጭ ሰዎች እነዚህን መብቶች የሰጡት የድሮ የኦቶማን ውሎች ስም ነው። መዝገበ ቃላት ከፍተሽ «እጅ መስጠት» የሚል ታገኚ ይሆናል። እንዳትጽፊው! ቃሉ የመጣው «ካፒቱላ» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ አንቀጽ ወይም ምዕራፍ እንደማለት፣ ውሎቹ በአንቀጽ በአንቀጽ ተከፍለው ስለሚጻፉ። «የካፒቱላሲዮን ውሎች» ብለሽ አንዴ አብራሪውና እለፊ። እ.ኤ.አ. በ1937 ሞንትሮ (ስዊዘርላንድ) ላይ በተደረገው ስምምነት ውሎቹ ተሰረዙ፤ ቅይጦቹ ፍርድ ቤቶች ግን የ12 ዓመት መሸጋገሪያ ተሰጥቷቸው በ1949 ተዘጉ።

ዓረፍተ ነገርሽን እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ «በአገሩ የፈረንሳይ ተገዥ የሆነው፣ ግብጽ ውስጥ ግን የፈረንሳይ ከለላ የነበረው አልጄሪያዊ ነጋዴ ካይሮ በሚገኘው ቅይጥ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ።» ረዘመ አይደል? ይርዘም ግድ የለም። አርታኢሽ ካሳጠረው ከአንቺ ቃላት «ተገዥ» የሚለውን እንዳያወጣው ንገሪው።